ግዕዝ ሰዋስው የጻፈች ሴት የሞተችባት የፍሪስላንድ መንደር፣ ዊውወርድን የሚያውቅ አለ?

የሌዋርደኗ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት አብዛኛውን ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ፣ ዛሬ ግን ይሄን ካላወራሁት ሆዴ ውስጥ አያድርም።

የምኖረው ሆላንድ ነው ግን አምስተርዳም ምናምን አይደለም፣ ሰሜን ጫፍ ላይ ፍሪስላንድ የሚባለው ክልል፣ ሌዋርደን ከተማ። እዚህ ሰዉ የራሱ ቋንቋ አለው፣ ፍሪስኛ፣ የመንደሩ ሰሌዳ ላይ ሁሉ ሁለት ስም ነው የሚጻፈው። ስራዬ የቤት ለቤት እንክብካቤ ነው፣ ጠዋት ጠዋት አዛውንቶቹ ቤት እየዞርኩ መድኃኒት መስጠት፣ ያንን ለደም ስር የሚሆን ጠባብ ካልሲ ማልበስ (እሱን አልብሶ የማያውቅ ሰው ስራ አለብኝ አይበል)፣ ከተረፈ ደግሞ ቡና አብሮ መጠጣት። አንዷ እናት 80ን ያለፉ ናቸው፣ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና ኢትዮጵያ ስላቸው ትንሽ አሰብ አርገው «ዊውወርድ የሞተች አንዲት ሴት የእናንተን ቋንቋ ታውቅ ነበር» አሉኝ። እኔ በቃ ድሮ ወለጋ ምናምን የሄደች ሚሽነሪ መስላኝ «መቼ ነው ያረፉት?» ስላቸው «1678» አሉኝ ቡናቸውን ፉት እያሉ። እንደ ትናንት!

ቤቴ ገብቼ ሳጣራ እውነት ነው። አና ማሪያ ፋን ስኹርማን ትባላለች፣ 1607 ኮሎኝ የተወለደች፣ በዘመኗ አውሮፓ ውስጥ እንደሷ የተማረች ሴት የለችም ይባልላት የነበረች። ላቲን፣ ግሪክ፣ ዕብራይስጥ፣ አረብኛ፣ ሱርስት፣ እና ግዕዝ! የግዕዝ ሰዋስው ሁሉ ጽፋ ነበር። 1636 የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ለምርቃቱ የላቲን ግጥም ጽፊ አሏት፣ ጻፈች፣ ግጥሙ ውስጥ ግን ሴቶች ለምን አይገቡም ብላ ወቀሰቻቸው። ከዛ አንዱ ፕሮፌሰር ፉቲዩስ የሚባለው አስገባት፣ ግን ወንዶቹ ተማሪዎች እንዳያይዋት ተሸፍና በተከለለ ቦታ ተቀምጣ ነው ሌክቸር የምትሰማው። 1641 ላይ ደግሞ ሴት ልጅ መማር ይገባታል የሚል መጽሐፍ በላቲን አወጣች። የስዊድኗ ንግሥት ክርስቲና ራሷ መጥታ ጎብኝታታለች።

እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ አይነት ሰው ከዩትሬክት ተነስታ ላምና ሳር ብቻ ያለበት መንደር ምን ልትሰራ መጣች ነው። ባለፈው ቅዳሜ ኦፍ ስለነበርኩ ሄድኩ። ከሌዋርደን ወደ ስኔክ የሚሄደውን ባቡር ይዤ ማንትኹም ወረድኩ፣ ከዛ በሳይክል። መሬቱ ጠረጴዛ ነው፣ ምንም የሚጋርድ ነገር ስለሌለ የሶስት አራት መንደር ቤተክርስቲያን በአንዴ ይታይሻል፣ ንፋሱ ግን ከየትም ብትሄጂ ከፊት ነው የሚመጣው፣ እንዴት እንደሆነ አይገባኝም። ዊውወርድ ስትደርሺ መሃሏ ከፍ ይላል፣ ቤተክርስቲያኑ ጉብታው አናት ላይ ነው፣ በቅዱስ ኒኮላስ ስም የተሰራ፣ ዙሪያውን መቃብር። ቤቶቹን በጣት መቁጠር ትችያለሽ ማለት ይቻላል።

እና ቤተክርስቲያኑ ስር ያለውን ሳይ... እሱን ቆይቼ እጽፈዋለሁ፣ አሁን ፈረቃ አለብኝ። እስከዛው ስለ ልጅቷ ግዕዝ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

የሐረር ቡና

እህቴ እንዲህ አንጠልጥለሽን ፈረቃ ምናምን አይባልም እኮ 😂 ከቤተክርስቲያኑ ስር ምን አለ??

ደብተራ ዘሮተርዳም

ሰላም እህታችን። ቤተክህነት ያደግኩ ስለሆንኩ ይሄ ነገር ይመለከተኛል።

መጀመሪያ ነገሩን ቦታው እናስይዘው፣ ሰው «ግዕዝን ለፈረንጅ ያስተዋወቀች» ብሎ ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፈው። የመጀመሪያዋ አይደለችም። ሮም ላይ በ1513 ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳትሟል፣ እሱም የተማረው እዛው ሮም ከነበሩ የኛ መነኮሳት ነው። ከዛ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በ1548 እና 49 አሳተሙ። እሳቸው ጋ የተማረው ማርያኖ ቪክቶሪዮ ደግሞ በ1552 ሰዋስው አወጣ። መዝገበ ቃላቱን በ1638 ያሳተመው ዌመርስ የሚባል የአንትወርፕ መነኩሴ ነው። እንግዲህ ስኹርማን የደረሰችበት ጊዜ በጣት የሚቆጠሩ መጻሕፍት ብቻ ያሉበት ነው፣ ያውም ስህተታቸው ብዙ።

ግን ይሄ ስራዋን አያሳንሰውም እንዲያውም ያገንነዋል። ቪክቶሪዮ አጠገቡ አባ ተስፋ ጽዮን ነበሩለት። ሉዶልፍ፣ ትልቁ የጀርመን የግዕዝ ሊቅ፣ አጠገቡ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩለት፣ የአምሐራው መካነ ሥላሴ ሰው፣ ሮም ላይ በ1649 ተገናኙ፣ በ1652 ደግሞ ጀርመን ጎታ ድረስ አስጠርቶ አብረው ሰሩ። እሳቸው ምስኪን ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከብ ሰምጦ ነው የሞቱት። ልጅቷ ግን ማን ነበራት? ፀሀፊ ሆና ብቻዋን ዩትሬክት ቤቷ ቁጭ ብላ ከመጽሐፍ ነው ፊደል የለቀመችው። አንድ ቀን እንኳን «ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ» ብሎ ያስቆጠራት ሰው የላትም።

የሚያሳዝነው ሰዋስው የተባለው ሳይታተም ጠፍቷል። ጽፋ እንደነበር ይታወቃል፣ ወረቀቱ ግን የለም።

ሚሚ ዩትሬክት

እኔ 9 አመት ዩትሬክት ስኖር በዶም ቤተክርስቲያን በኩል ስመላለስ ቤቷ እዛው አካባቢ እንደነበረ አሁን ነው የማውቀው፣ ያናድዳል በእውነት። ዩኒቨርሲቲው ሴት ተማሪ መጋረጃ ጀርባ ደብቆ ማስተማሩን ዛሬ በኩራት ነው የሚያወራው ሃሃ።

ግን ጥያቄሽን መልሺ የሌዋርደኗ፣ ለምን ሄደች?

የሌዋርደኗ

ተመለስኩ። በሁለት ከፍዬ ልጻፈው፣ መጀመሪያ ለምን ሄደች የሚለውን።

ዣን ደ ላባዲ የሚባል ሰባኪ ነበር፣ ፈረንሳዊ፣ ድሮ ዬሱሳዊ የነበረ፣ ከዛ ወደ ፕሮቴስታንቱ ተሻገረ፣ ከዛም ከፕሮቴስታንቱም ጋ ተጣላ። ሰውየው የሚለው ቤተክርስቲያን የእውነተኛ አማኞች ብቻ መሆን አለባት፣ ሀብት የጋራ ይሁን ነው። የሄደበት ሁሉ ይባረራል። ሚድልቡርኽ ተባረረ፣ አምስተርዳም ጎረቤት ተነሳበት፣ ጀርመን ሄርፎርድ አንዲት ልዕልት አስጠጋችው እዛም አልቀረለት፣ መጨረሻ አልቶና ሃምቡርግ ጎን 1674 ሞተ። ስኹርማን 60 አመት አልፏት ነው ዩትሬክትን፣ ቤቷን፣ ስሟን ትታ ተከትላው የተንከራተተችው። ወዳጆቿ ሁሉ አበደች አሉ። እሷ ግን 1673 ላይ መጽሐፍ ጽፋ ያ ሁሉ እውቀትና ዝና ከንቱ ነበር፣ የተሻለውን እድል መረጥኩ አለች። እንደ ማርያምና ማርታ ታሪክ «በጎ ዕድልን መረጠች» እንደሚለው።

ላባዲ ሲሞት ተከታዮቹ የሚሄዱበት ጠፋ። ያኔ ነው ፋን ሶመልስዳይክ የሚባሉ የባላባት ቤት ሶስት እህትማማቾች የቤተሰባቸውን ግንብ የሰጧቸው፣ ዊውወርድ፣ 1675። የግንቡ ስም ምን መሰላችሁ፣ ዋልታ! ቀድሞ የያዘው የዋልታ ቤተሰብ ነው። በጫካ የተከበበ ስለነበር መንደርተኛው ሰዎቹን በፍሪስኛ የጫካው ሰዎች ነው የሚላቸው፣ ቦስክልዩ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች እዛ ኖረዋል፣ ዛሬ ግንቡ የለም፣ ሜዳና ዛፍ ነው። ስኹርማን እዛው 1678 ግንቦት ላይ 70 አመቷ አረፈች።

አሁን ከቤተክርስቲያኑ ስር።

ወለሉ ላይ መግቢያ አለ፣ ጎንበስ ብለሽ በጠባቡ ደረጃ ትወርጃለሽ፣ እታች በጡብ የተሰራ ትንሽ ክፍል፣ እኔ አጭሯ እንኳን ጭንቅላቴን ሰብሬ ነው የቆምኩት። ክፍሉን 1609 ላይ ለመቃብር ያሰሩት እነዛው ዋልታዎች ናቸው። 1765 ላይ ቤተክርስቲያኑን ሊጠግኑ የመጡ አናጢዎች ከፍተው ሲገቡ 11 ሳጥን አገኙ፣ ሲከፍቱት ሬሳዎቹ አልበሰበሱም። ቆዳቸው እንደ ቋንጣ ደርቆ እንዳለ ነው። ማንም ምንም አልቀባቸውም፣ በራሱ ነው የሆነው። ዛሬ ያሉት አራት ናቸው፣ የቀሩት በየጊዜው እየተወሰዱ አለቁ። መስታወት ተደርጎባቸው ሳጥናቸው ውስጥ ተኝተዋል፣ አንዱ አፉ ክፍት ነው፣ የጥፍሩ ቅርጽ ሳይቀር ይታያል። ቀና ስትዪ ደግሞ ከጣሪያው በክር የተንጠለጠሉ የደረቁ ወፎች። ክፍሉ አሁንም እንደሚያደርቅ ለማሳየት ሰዎች በኋላ የሰቀሏቸው ናቸው። እኔን እውነት ለመናገር ከሬሳው ይልቅ ወፎቹ ናቸው የረበሹኝ።

ለምን እንደማይበሰብስ አንዱ ንፋሱ ነው ይላል፣ አንዱ ከመሬት የሚወጣ ጋዝ ነው ይላል፣ አስጎብኚያችን ሁሉንም ነገረን፣ አንዱንም ግን ያመነበት አይመስልም።

የሐረር ቡና

ዋልታ ቲቪ ፍሪስላንድ ቅርንጫፍ 😂😂 ይቅርታ አልቻልኩም። ግን እኮ እኛ ጋ ዋልታ ቤት የሚያቆመው እንጨት ነው፣ ዋልታና ማገር፣ የነሱ ዋልታ ደግሞ ሬሳ አቁሞ ቀረ።

ጥቁር ሰው 77

እኔን ያልተመቸኝ ነገር አለ። ሰው ሞቶ ትኬት ይቆረጥበታል እንዴ? የሰው አያት እኮ ናቸው። መሬት ይቅመሱ በቃ።

ወለተ ኪዳን

ጥቁር ሰው እሺ ግን የኛስ? ይምርሃነ ክርስቶስ ሄደህ ታውቃለህ? ላሊበላ አጠገብ ዋሻው ውስጥ ያለው፣ ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ስንት የደረቀ አጽም ተደርድሮ አለ፣ ቆዳው ያለው ሁሉ። ፈረንጁም እኛም ገብተን እናያለን፣ ለመግቢያም እንከፍላለን።

ጥቁር ሰው 77

እህቴ እሱ ይለያል፣ እዛ ያሉት ቅዱስ ቦታ ላይ ልረፍ ብለው የመጡ ናቸው፣ በፍላጎታቸው። ማንም ወፍ አልሰቀለባቸውም።

የሌዋርደኗ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ መሰለኝ። እኔም ስወርድ አማተብኩ፣ አስጎብኚው አየኝና ኮፍያውን አወለቀ፣ ከዛ በፊት አላወለቀም ነበር። ፎቶ አላነሳሁም ስለዚህ ፎቶ ላኪ አትበሉኝ።

ሲልቨርስፕሪንግ

ሄሎ ከሜሪላንድ። ይሄን ክር ሳነብ ቡናዬ ቀዘቀዘ። ላባዲስት (የላባዲ ተከታዮች) የሚለውን ስም እኔ እዚህ ነው የማውቀው! ከኛ ወደ ሰሜን ምስራቅ ሴሲል ካውንቲ ቦሂሚያ ማነር የሚባል ቦታ አለ፣ በዴሊቨሪ ስራ በዛ በኩል ብዙ ተመላልሻለሁ። እነዚህ የጫካ ሰዎች ያልሽው ሁለት ሰው ልከው፣ ዳንካርትስና ስላይተር፣ 1679 ላይ መጥተው መሬት ፈለጉ፣ ከዛ 1684 ላይ 3,750 ኤከር ከባለርስቱ ከሄርማን ተቀብለው ቅርንጫፍ ከፈቱ። ከዊውወርድ የሚታዘዝ ቅርንጫፍ ማለት ነው።

እና የማይወራው ነገር ይሄ ነው። ወንድም እህት ነን፣ ንብረት የጋራ ነው የሚሉት ሰዎች እዚህ መጥተው ባሪያ ገዝተው ትምባሆ አስተክለዋል። ስላይተር መጨረሻ ላይ ሀብታም ሆኖ ነው የሞተው። ሲጀምሩ ትምባሆን ይኮንኑ የነበሩ ሰዎች ናቸው እኮ። ስለዚህ «እንዴት ደስ ይላል የጋራ ኑሮ» ከማለታችን በፊት።

የሌዋርደኗ

ጥሩ አደረግክ ወንድሜ፣ አስጎብኚው ይሄን አላነሳውም። በሱሪናም በኩልም ያው ነው። የነዛ የሶስቱ እህትማማቾች ወንድም ኮርኔሊስ ከ1683 ጀምሮ የሱሪናም ገዢ ነበር፣ ቅኝ ግዛቷን አንድ ሶስተኛ እሱ ነው የያዘው። ላባዲስቶቹም እሱን ተማምነው እዛ ሰው ላኩ፣ ቦታውን ፕሮቪዳንስ አሉት። በሽታና ረሃብ ፈጃቸው፣ ገዢውንም 1688 የገዛ ወታደሮቹ ገደሉት።

ታዲያ ከሱሪናም ወደ ዊውወርድ ምን ይመጣ ነበር መሰላችሁ፣ የደረቀ ቢራቢሮና እባብ። እና እዛ ግንብ ውስጥ ይሄን የምታይ አንዲት ሴት ነበረች፣ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን። ባሏን ትታ እናቷንና ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ በ1680ዎቹ አጋማሽ ነው የገባችው፣ ወንድሟ ቀድሞ እዛ ነበር። ባልየው ግራፍ ጀርመን ድረስ እንድትመለስለት ሊለምናት መጣ፣ አልተመለሰችም። ዊውወርድ እያለች የእንቁራሪት እንቁላል ሰብስባ ከእንቁላሉ ጀምሮ እግር እስኪያወጣ ቀን በቀን ጽፋለች፣ እኔ ያንን ቦይ አይቼዋለሁ፣ ዛሬም ሙሉ እንቁራሪት ነው። 1691 ወጥታ አምስተርዳም ገባች፣ 1699 በ52 አመቷ ትንሿን ልጇን ይዛ ሱሪናም ሄደች፣ 1705 ያንን ትልቅ የነፍሳት መጽሐፍ አሳተመች። አባጨጓሬ ወደ ቢራቢሮ ሲለወጥ ከሚበላው ቅጠል ጋር አንድ ላይ ነው የምትስለው፣ ከሷ በፊት እንዲህ ያደረገ የለም ማለት ይቻላል።

እና ሲልቨርስፕሪንግ ላልከው፣ መጽሐፏ ላይ ስለ አንድ አበባ ስትጽፍ ባሪያ የሆኑት ሴቶች ልጃቸው ባሪያ ሆኖ እንዳያድግ በፍሬው እንደሚያስወርዱ፣ ይሄንንም ራሳቸው እንደነገሯት ጽፋለች። ሌላው ጸሐፊ ይሄን አይጽፈውም ነበር።

ትዕግስት ሚድዋይፍ

ቆይ ቆይ፣ እኔ ጎተንበርግ ሚድዋይፍ ነኝ፣ ሄንድሪክ ፋን ዴቬንተር የሚባለው እዚህ መንደር አልነበረም እንዴ?? ስለ ሴት ዳሌ አጥንት ቅርጽ እና አስቸጋሪ ምጥ መጀመሪያ በደንብ የጻፈው ሰው ነው፣ መጽሐፉ 1701። የሆነ ሃይማኖታዊ ማህበር ውስጥ እንደነበረ ብቻ ነበር የማስታውሰው።

የሌዋርደኗ

አዎ ትዕግስትዬ እሱ ራሱ ነው! ገና ልጅ ሆኖ ነው የገባው፣ መጀመሪያ ወርቅ አንጣሪ ነበር፣ ሕክምናውን እነሱ ጋ ሆኖ ተማረ። ክኒን ይሰራና የሚሸጠው ገቢ ለማህበሩ ነበር። የዴንማርክ ንጉሥ ልጆች ሲታመሙ ሁሉ ጠርተውታል። ሱፍ ይሸምኑ ነበር፣ ብረት ይሰሩ ነበር፣ ማተሚያ ቤት ነበራቸው። እንግዳም ይመጣባቸዋል፣ የፔንሲልቬንያ መስራች ዊልያም ፔን 1677 መጥቶ ስኹርማንን አግኝቷታል፣ ፈላስፋው ጆን ሎክ ደግሞ 1684 መጣ፣ እሱ ግን ብዙም አላመናቸውም፣ ትንሽ ማስመሰል አለ ብሎ ነው የሄደው።

የጋራ ንብረቱ በ1690ዎቹ መጀመሪያ ቀረ፣ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ተበታተነ። የቀሩት ጥቂቶች 1730ዎቹ ድረስ ቆዩ።

የሐረር ቡና

በአጭሩ የአንድነት ገዳም ነው የነበረው ግን ከነሚስት ከነልጅ።

ደብተራ ዘሮተርዳም

የሐረር ቡና አባባልህ አይከፋም፣ ግን አንድነት ገዳም ስርዓት አለው፣ አበምኔት አለው፣ ስንት መቶ ዓመት የቆመ ነው። ይሄ 20 ዓመት ሳይሞላው የኔ የኔ ተባብሎ ተካፈለ።

አቤል ኪው

የኔ ጥያቄ ተራ ነው። መሃሉ ከፍ ይላል ጉብታ ነው አልሽ፣ ሆላንድ ጠፍጣፋ አይደለም እንዴ? ጉብታ ከየት መጣ?

የሌዋርደኗ

አቤል ተራ አይደለም ዋናው ነገር እሱ ነው እኮ፣ እኔ በሬሳው ተወስጄ ነው። ጉብታውን የሰራው ሰው ነው። ቴርፕ ይሉታል። እዚህ አገር ግድብ ሳይሰራ በፊት ባህሩ በፈለገው ጊዜ ሜዳውን ያለብሰው ነበር፣ ዊውወርድ ደግሞ ሚደልዜ የሚባል ወደ ውስጥ የገባ የባህር ክንድ አጠገብ ነበረች፣ ሌዋርደን ራሷ በዛ በኩል ወደብ ነበረች፣ በመካከለኛው ዘመን ደለል ሞላውና ግጦሽ ሆነ። እና ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ ሰዎቹ ምን አደረጉ፣ የከብት እበት፣ ጭቃ፣ አመድ፣ የቤት ጥራጊ፣ ሁሉንም እየከመሩ ከፍ አሉ፣ ላዩ ላይ ቤት ሰሩ፣ ልጆቻቸው ደግሞ ሌላ ከመሩበት። ማዕበል ሲመጣ ከብቱም ሰውም እላይ። በአጭሩ መንደሩ ኩበት ላይ ነው የቆመው። ትልቁ ሆኸበይንቱም የሚባል መንደር ነው፣ ከባህር ጠለል 8.8 ሜትር፣ እዚህ አገር ያ ተራራ ማለት ነው፣ እኔ የጎንደር ልጅ ስለሆንኩ ሲያሳዩኝ የቱ ጋ ነው ብዬ ጠየቅኩ።

ከዛ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገበሬው ይሄ አፈር ማዳበሪያ እንደሆነ ገባው። በመርከብ እየጫኑ አሸዋማ መሬት ላላቸው ክልሎች መሸጥ ጀመሩ። ስንቱ ቴርፕ ተቆፍሮ አለቀ፣ ቤተክርስቲያኑና መቃብሩ ያለበት ብቻ ስለማይነካ ነው አንዳንዱ እንደ ተቆረሰ ዳቦ ግማሹ የቀረው። የዊውወርድንም 1866 ሲቆፍሩ ወርቅ ወጣ! ጌጣጌጥ፣ ሳንቲም፣ የቢዛንታይን ነገሥታት መልክ ያለበት ሁሉ፣ 7ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተቀበረ ነው። አሁን ላይደን የጥንታዊ ቅርሶች ሙዚየም ነው ያለው። ማን እንደቀበረው፣ ለምን ተመልሶ እንዳላወጣው እንጃ። እዛ ጉብታ ላይ ቆሜ ሳስበው የነበረው እሱን ነው፣ አንድ ሰው ወርቁን ቀብሮ ሄደ፣ ሌላዋ ሰዋስዋን ጽፋ ሄደች፣ ወርቁ ከ1,200 አመት በኋላ ተገኘ።

ሚሚ ዩትሬክት

የመጨረሻው አረፍተ ነገር ልቤን በላው። በነገራችን ላይ እኔ የተጣላሁት ከላባዲ ጋር ነው። አባቷም ሊሞት ሲል አታግቢ ብሎ አስምሏታል፣ አንዱ ፕሮፌሰር መጋረጃ ጀርባ አስቀመጣት፣ ሌላው ሰባኪ ደግሞ ያ ሁሉ እውቀትሽ ከንቱ ነው አላት። ሁሌ የሆነ ወንድ አለ።

ወለተ ኪዳን

ሚሚ እኔ አልስማማም። 60 አመት ያለፋት፣ ስንት ቋንቋ የምታውቅ ሴት ማን ያታልላታል? መረጠች። እኛ ዘንድ ስንት እመቤት ቤቷን ጥላ መንና የለ እንዴ፣ ያኔ ማንም ተታለለች አይልም፣ ጻድቅ ነው የሚላት።

ሚሚ ዩትሬክት

እሱስ። ግን ሰዋስዋን ይዛ መመነን ትችል ነበር ነው የምለው።

ትዕግስት ሚድዋይፍ

እኔ ደግሞ የምለው፣ ዊውወርድ ስትደርስ ሌላ ሶስት አራት አመት ነው የኖረችው፣ ሩማቲዝም ምናምን ያለባት አሮጊት። በሽተኛ ሆና ማን ያገላብጣት ነበር? እነዛው የጫካ ሰዎች ናቸው። ዩትሬክት ብትቀር ኖሮ ብቻዋን ቤቷ ውስጥ ነበር። የሌዋርደኗ አንቺ ታውቂዋለሽ ይሄን።

የሌዋርደኗ

አውቀዋለሁ። ቡና ከመጠጣት በላይ ምንም የማይፈልጉ አሉ፣ መድኃኒቱ ሰበብ ነው።

ለመሄድ ለምትፈልጉ፣ እዚህ አገር በሚሞቅበት ወራት ነው ክፍሉ የሚከፈተው፣ በብርዱ ወራት ይዘጋል። ሳይክል ከያዛችሁ እግረ መንገዳችሁን ቦዙም የሚባለውን መንደር ቤተክርስቲያን እዩት፣ 12ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ከዊውወርዱ ይልቅ እሱ ነው ቆንጆው። የስኹርማንን ስራዎች ማየት የሚፈልግ ደግሞ ፍራኔከር ማርቴና ሙዚየም ነው፣ የሳለችው፣ በወረቀት የቆረጠችው፣ የራሷ ምስል። ልጅ እያለች ቤተሰቧ ፍራኔከር ስለኖረ፣ አባቷም እዛው ስለሞተ ነው።

ደብተራ ዘሮተርዳም

እህታችን አንድ ውለታ። ፍራኔከር ከሄድሽ በእጇ የጻፈችው የፊደል ወረቀት ካለ፣ ከፊደላቱ መካከል የኛ ካለ፣ አንድ ነገር እይልኝ። ሀ፣ ሐ እና ኀን ለይታ ነው የጻፈችው ወይስ ደባልቃለች? ጸ እና ፀስ? ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚታወቀው። እዚህ መድረክ ላይ እንኳን ስንቱ እንዳሻው ነው የሚጽፈው።

የሌዋርደኗ

በሚቀጥለው ኦፌ እሄዳለሁ መምህር። ግን እርስዎም ከላይ «ፀሀፊ» ብለው ነው የጻፉት 😂

የሐረር ቡና

😂😂😂😂

ደብተራ ዘሮተርዳም

ስልኩ ነው።